በነርቭ ክፍሉ የቀናሁባቸው ሰዎች

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ክፍሉ ጠራኝና ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ልጅ ህብለ ሰረሰር አሳየኝ። ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ገመዱ መሃል ላይ፣ የወተት ጠብታ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ ቁስለቱ እዚህ ጋ ነው» አለኝ። መስታወቱን በጣቱ ነካ አደረገው፤ አበቃ። ልጅቷ የታመመችው በዚያው ሳምንት ነው፤ መድኃኒቷም በደም ሥሯ መግባት ጀምሯል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ። በሐኪሙ ቀናሁ፤ በማሽኑ ቀናሁ። በልጅቷም ቀናሁ፤ የቀናሁት ግን ለራሴ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ሳታገኝ ለቀረች ለሌላ ሴት ነው። ያቺ ሴት እቴነሽ ትባላለች። የእሷን ነገር ትቼ የሥራ ዘመኔን ላውራ ብል አፌ እሺ አይለኝም።

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰው ሲሰማ «ማሸት ነው?» ይለኛል። የተኛውን ማስቀመጥ፣ የተቀመጠውን ማቆም፣ የቆመውን ማራመድ ነው። የጀመርኩት በምሥራቅ በኩል በነበረ አንድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ከግንባር የሚመጡልን ጎረምሶች እግራቸው የተቆረጠ፣ ክንዳቸው የተሰበረ ነበሩ። አለቃዬ አንድ ሻለቃ ነበር፤ በእሱ ዘንድ ድካም የሚባል በሽታ የለም። በሽተኛው ላብ ሲያጠምቀው «አንዴ ደግሞ!» እንላለን፤ ያደርገዋልም። እኔም በዚያው አደግኩ። መንግሥት ሲለወጥ ሆስፒታሉ ተበተነና ሁላችንም በየፊናችን ሄድን። ትንሽ ተንከራትቼ መካኒሳ ውስጥ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከድሮዬ ያንሳል። ያን ጊዜ ለቡ ገና የጤፍ ማሳ ነበር፤ ከመስኮታችን ሆነን የሚታጨደውን እናያለን። የሥራ ክፍሌ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ሁለት ፍራሽና የሆስፒታሉ ብየዳ ሠራተኛ ከውሃ ቧንቧ የሠራው ጥንድ መደገፊያ ነበረው። በሽተኛው በሁለቱ ቧንቧዎች መሃል ቆሞ፣ በግራ በቀኝ ይዞ መራመድ ይለማመዳል።

የነርቭ ሐኪማችን ዶክተር አምኃ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ቢሆኑም በዚያ ዘመን፣ እንኳን ህብለ ሰረሰርን የሚያሳይ ማሽን፣ ጥሩ ራጅ ማግኘትም ጭንቅ ነበር። ስለዚህ የሚሠሩት በዓይናቸው፣ በጣታቸው፣ በአንዲት የእጅ ባትሪና በቤታቸው ቁልፍ ነበር። በቀጠሮ ቀን መስኮቱ ዘንድ ቆመው በሽተኛው ከግቢው በር ጀምሮ ሲመጣ ያዩታል። «ሰው አፉን ሳይከፍት ግማሹን ይናገራል» ይሉ ነበር። ከገባ በኋላ ጎንበስ ብለው ጫማውን ራሳቸው ያወልቁና ሶሉን ገልብጠው ያያሉ። ሶሉ በጫማው አፍንጫ በኩል ካለቀ ያ እግር መሬት እየጎተተ ነው። ከዚያ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ያሞቃሉ፤ በቀዝቃዛ እጅ ሰው ነክተው አያውቁም። በቁልፉ ጫፍ የውስጥ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣት ጫር ያደርጉታል። የጤነኛ ሰው አውራ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል፤ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ እንደሆነ ግን ወደ ላይ ይቀሰራል። ባትሪዋን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዛወሩ ያበራሉ። ብርሃን ሲያርፍበት መጥበብ የነበረበት ብሌን ከሰፋ የዚያ ዓይን ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አይጽፉም። በሽተኛው ተናግሮ ሲጨርስ ብቻ ነው ወረቀት የሚስቡት።

በሽታውን የሚያስረዱበት መንገድም ነበራቸው። «ግቢህን የሚጠብቅ ዘበኛ አለህ እንበል» ይላሉ። «ዱላ ይዟል፤ ሌባ ሲመጣ ይመታል። አንድ ቀን ግራ ገብቶት የቤቱን ባለቤት ራሱን ሌባ ነው ብሎ ደበደበው። ያንተም ሰውነት ያደረገው ይህንን ነው። የገዛ ነርቭህን ሽፋን ጠላት መስሎት ልጦታል። እኛ የምንሰጥህ መድኃኒት ዘበኛውን ለጊዜው ቁጭ የሚያደርግ ነው።» ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ቢሆን ይህን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ ይህን ሰው ወደድኳቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ይሆናል። ሥራ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ ምርመራ ሲያደርጉ ለማየት እቆይ ነበር። ያኔ ነው ኢዮብ የመጣው።

ኢዮብ በዕድሜ ከእኔ በጣም ያንሳል። የእኔው ሙያ ነው፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስታወት ፊት ነው የምንሠራው። ሳቂታ ነው። ጉራጌው ሲመጣ በጉራጌኛ፣ ኦሮሞው ሲመጣ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ በሽተኛው በሳቅ ይፈታል። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ከበር ሆነው «ያ ልጅ የለም?» ማለት ጀመሩ። እኔ ፊታቸው ቆሜ! ይህንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት የዶክተር አምኃን አጠራር ነው። እሱን «ኢዮቤ፣ ና እስቲ ይህን እግር እይልኝ» ይሉታል። እኔን «አቶ ጌታሁን፣ እባክዎን ይህን ይመልከቱልኝ» ይሉኛል። ሌላው ሰው ይህን አክብሮት ይለዋል። ለእኔ ግን በር ሲዘጋብኝ ይሰማኝ ነበር። ልጁ «አንተ» ሲባል እየሰማሁ ጥርሴን ነክሼ የሰው ጉልበት አጥፌ እዘረጋለሁ።

እቴነሽ በክረምት መጨረሻ መጣች። የመካኒሳ አቦ ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከሰላሳ ዓመት ብዙ አልራቀችም። ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧት። ዶክተር አምኃ «መቼ ጀመረሽ?» ሲሏት የመለሰችው ከጆሮዬ አልጠፋም። «መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ እግሬ አልሰማ አለኝ። መርገጤን የማውቀው መርፌው ሲንኳኳ በጆሮዬ ነው።» ከዚያ መደንዘዙ እየወጣ ከእምብርቷ ደረሰ፤ እግሮቿም ከዷት። ሌላ ቦታ የአከርካሪ ቲቢ ነው ተብላ መርፌ ስትወጋ ቆይታለች። ራጇ ግን ንጹሕ ነበር፤ አጥንቷ ምንም አልሆነም።

አልጋ ያዘችና ለእኔ ተሰጠች። ሳምንቱን ሙሉ በእግሮቿ ላይ ነበርኩ። የትኛው ጡንቻ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው እንደማይንቀሳቀስ ከራሷ ይልቅ አውቅ ነበር። ዶክተር አምኃ ለዙር ሲመጡ ኮራ ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ዓይኗንስ የጠየቀ አለ?» አሉ።

አልጠየቅኳትም። የእግር ሰው ነኝ፤ ዓይን ምን አገባኝ?

ኢዮብ ከበሩ በኩል «እኔ ጠይቄያታለሁ ዶክተር» አለ። «አምና የግራ ዓይኗ ደብዝዞ ነበር። ቀይ ጨርቅ አመድ መስሎ ይታየኝ ነበር ብላኛለች። ስፌት አብዝቼ ነው ብላ ተወችው፤ ደግሞም ተሻላት።»

«እንዴት ነገረችህ?»

«ሻይ ሳቀብላት ስለ ጨርቅ ቀለም እያወራን ነበር።»

ዶክተር አምኃ ባትሪያቸውን አውጥተው ከዓይን ወደ ዓይን አዛወሩ። የግራው ብሌን ብርሃን ሲያርፍበት ሰፋ። ወዲያው ቀና ብለው «አንድ በሽታ ነው» አሉ። «ዓይንንና ህብለ ሰረሰርን እየመረጠ የሚመታ ነው። ቲቢ አይደለም። ኢዮቤ፣ ተባረክ!»

እኔ ሳምንት የለፋሁባትን በሽተኛ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ወሰዳት።

የዘበኛው መድኃኒት ተጀመረ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ክኒን ነው፣ ብዙ ብዙ። እቴነሽ ቀስ በቀስ መለስ አለች። በመጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣቷ ነቃች። ከዚያ በጎኗ መገልበጥ፣ ከዚያ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ቻለች። እኔ ማንንም አላስጠጋሁም፤ ኢዮብ «ላግዝህ ጋሼ?» ሲለኝ «ሌላ ሥራ የለህም?» እለው ነበር። በቧንቧዎቹ መሃል ያቆምኳት ዕለት ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ እኔ ወገቧን ይዤ፣ በጉልበቴ ጉልበቷን ደግፌ፣ «አሁን ቀኙን» አልኳት። ቀኙ ተነሣ። ሳቀች፤ አለቀሰችም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ቀና ስል ባሏ ሳህን በጨርቅ ቋጥሮ በሩ ላይ ቆሟል።

ባሏ ሽብሩ ይባላል። ከፉሪ የግንባታ ድንጋይ የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው። ሰፊ ደረት፣ አፈር የለበሰ ጫማ። ሚስቱ ስትራመድ አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ወጣ። ማታ ከግቢ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አቶ ጌታሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሴት የላችሁም?»

«የለንም። እኔና ኢዮብ ብቻ ነን።»

«ወገቧን ካልያዙ አትቆምም?»

«ትወድቃለች።»

«ትውደቃ!» አለ። ከዚያ ራሱ ከአፉ በወጣው ነገር ደነገጠ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና «አባባሌ እንደሱ አይደለም» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ያን ሰው በሚገባ አውቀው ነበር። ሌላ ሰው የሚወደውን ነገር ሲነካበት ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ በየቀኑ እቀምሰዋለሁ። ለእቴነሽ ግን በማግሥቱ ዘወርወር አድርጌ ስጠይቃት «ክፉ ሰው አይደለም ጋሼ» አለችኝ። «ሲወድ ያመዋል። በልጅነቱ እናቱ ለሌላ ወንድ ብላ ጥላው ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሴት የምትሄድ ይመስለዋል።» ከዚያ ፈገግ ብላ «እኔ ደግሞ በየትኛው እግሬ?» አለች።

ሳይውል ሳያድር ሽብሩ ሚስቴን ልውሰዳት አለ። ቆማለች፣ በሁለት ምርኩዝ ጥቂት ትራመዳለች፤ ዶክተር አምኃም ፈቀዱ። ክኒኑን እንዴት ቀስ እያለች እንደምትቀንስ፣ በአንድ ጊዜ ፈጽሞ እንዳታቋርጥ፣ ፊቷ ቢያብጥም እንዳትደነግጥ አስረዷት። ሽብሩ ያን ሰዓት መኪናውን ወደ በሩ ሊያስጠጋ ወጥቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለክፍላችን የውጭ ሥልጠና ዕድል መጣ፤ ለአንድ ሰው ብቻ። በሥራ የቀደምኩት እኔ ነኝ። ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ ካፖርት እስከ መግዛት ደርሰን ነበር። ዶክተር አምኃ ኢዮብን መረጡ። ክፍላቸው ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም አቶ ጌታሁን። እርስዎ ቢሄዱ በሽተኞቹን ለማን እተዋቸዋለሁ?»

«ይህ ማባበያ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አዎ፣ ማባበያ ነው። እውነቱን ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ።»

«እሱ ይሻላል። የእርስዎ እጅ ከእሱ የበለጠ ያውቃል። ግን የተቆረጠ እግር ያለው ወታደር ሌላ ነው፤ የእኛ በሽተኛ ሌላ ነው። የእኛ ሰው ሲሞቀውና ሲደክመው ዓይኑ ይደበዝዛል፣ እግሩ ይከዳዋል። ሲያርፍ ይመለስለታል። ኢዮብ ፊቱን አይቶ ያቆማል። እርስዎ አሁንም ‹አንዴ ደግሞ› ይላሉ።»

እውነት ስለሆነ አልቀለለኝም፤ ይልቁንም ባሰብኝ። ውሸት ቢሆን ተሳድቤ እወጣ ነበር። ካፖርቱን ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁት።

እቴነሽ በቀጠሮዋ ቀረች። ሁለተኛውም ቀጠሮ አለፈ። ዶክተር አምኃ መስኮቱ ዘንድ ቆመው በሩን ሲያዩ ይቆዩና «ያቺ ልብስ ሰፊ ዛሬም የለችም» ይላሉ። በመጨረሻ «አቶ ጌታሁን፣ ቤቷን ቢፈልጉልኝ» አሉኝ። ብቻዬን ልሄድ ስል ኢዮብ ጋቢውን ጣል አድርጎ ተከተለኝ። ልመልሰው ፈልጌ ነበር፤ አልተመለሰም።

መካኒሳ አቦ የነበረው ቤቷ ተዘግቷል። አንዲት ጎረቤቷ በረንዳዋ ላይ ጎመን እየቀነጠበች «እቴነሽ? ውይ፣ እንዴት አምሮባት ነበር መሰላችሁ!» አለችን። «ከሆስፒታል ስትመጣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ቀልታ፣ ሙሽራ መስላ። ሰፈሩ ሁሉ ‹አማረብሽ› ይላት ነበር። ባሏ ግን ወሬውን አልወደደውም መሰለኝ፣ ፉሪ የጀመሩት ቤት ሳያልቅ ይዟት ገባ።»

እኔና ኢዮብ ተያየን። ያ የጉንጭ መሙላት ውፍረት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ፕሬድኒሶሎን ብዙ ሲወሰድ ፊትን እንደ ጨረቃ ክብ ያደርገዋል፣ ያቀላዋል። እብጠት ነው።

ፉሪ ድረስ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። በዚያ ዘመን ቤት የሚባለው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው። የእነሱን ያገኘነው በቆመው ገልባጭ መኪና ነው። ግድግዳው ቋሚና ማገሩ ቆሞ ግማሹ ብቻ ነው በጭቃ የተመረገው። በመሃሉ የቀትር ፀሐይ ይገባል። እቴነሽ አልጋ ላይ ተኝታለች። የእግራችንን ኮቴ ስትሰማ ፊቷን አዞረች፤ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ግድግዳው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታሁን።»

«ጋሼ! እስቲ መብራት ያብሩ፤ ሽብሩ ኩራዙን የት እንዳደረገው እንጃ።»

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች።

ሽብሩ ከጓሮ ገባ። እኛን ሲያይ አልተጣላም፤ እንደ ተማሪ ቆመ። ኢዮብ ቀስ ብሎ «ክኒኑስ?» አለው። ሽብሩ «ጣልኩት» አለ። «ታማ፣ አልጋ ላይ ውላ፣ በየቀኑ ታምር ጀመር። ሰው ሁሉ አማረብሽ ይላታል። ይህ ውበት ከየት መጣ አልኩ፤ ለማን ነው አልኩ። ክኒኑን ከሆስፒታል እሱ ነው የሰጣት ብዬ…» ብሎ እኔን በጣቱ ሊያሳይ ሞከረና እጁ ከመንገድ ተመለሰ። «ሽንት ቤት ከተትኩት። ከዚያ በሳምንቱ ዓይኗ። ከዚያ እግሯ። ጠበል ላደርሳት ነበር ያሰብኩት፤ እናንተን በምን ፊቴ ልያችሁ?»

አልሰደብኩትም። ኢዮብም አልሰደበውም። በገልባጩ ጋቢና ውስጥ ፍራሽ አጥፈን አስቀመጥናት። ሽብሩ ነዳ፤ መንገዱን ሁሉ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ፍሬን እየያዘ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል፤ ለእኛ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም። እቴነሽ የኢዮብን እጅ ይዛ ነበር። የኔም እጅ አጠገቧ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ዶክተር አምኃ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ከውጭ የሚመጣውን ጠንካራውን የመርፌ መድኃኒት ከጓደኞቻቸው ለምነው አመጡ። እግሮቿ በከፊል ተመለሱ። ዓይኖቿ አልተመለሱም። በግራው ምንም፤ በቀኙ ደግሞ ጥላ ሲያልፍባት ብቻ ታውቃለች። ልብስ ሰፊ ነበረች።

ይህ የታወቀ ዕለት ዶክተር አምኃን ፊዚዮቴራፒው ክፍል፣ ቧንቧዎቹ አጠገብ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እዚያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ና ተቀመጥ» አሉኝ። «የሰውነቷን ዘበኛ አውቄው ነበር። ፊቷ እንደሚያብጥ ለእሷ ነገርኳት። ለባሏ ግን አልነገርኩትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ ጌታሁን! መኪናውን አቁሞ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረብኝ። የሚቀና ሰው መሆኑን አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ስለ መድኃኒቱ አውቅ ነበር። ሁለታችን አልተገናኘንም።»

«አንተ» ማለታቸውን ያስተዋልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነበር። እንደዚያ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ደስታውን የማደርስበት ቦታ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር አምኃ ያለ ቤተሰብ ይህን መድኃኒት ጀምረው አያውቁም። ባል፣ ሚስት፣ እናት፣ የቤት አከራይም ቢሆን አስጠርተው «ፊቷ ይሞላል፣ ይቀላል፤ መድኃኒቱ ነው። ቆንጆ ብትመስልህ ለእኔ ንገረኝ» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም ነበር።

እኔ ደግሞ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው። ሽብሩን ወደ ቧንቧዎቹ ጠራሁትና «ና፣ አንተ ያዛት» አልኩት። ክንዷን ጎተተ። «ክንዷን አትጎትት፤ ትከሻዋ ይወልቃል። ዳሌዋን ያዝ። ጉልበትህን ከጉልበቷ ፊት አድርግ። አትግፋት፤ ክብደቷን እሷ ወዳንተ እስክታመጣው ጠብቅ። ፊቷ ሲደክም ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ። «ከንፈሯ ይደርቃል።»

ይህን እኔ አላስተዋልኩም ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከንፈሯ ሲደርቅ እኔም አቆም ጀመር። ድንጋይ የሚጭን ሰው እንደዚያ ለስላሳ እጅ ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ዓመታት የፈጀብኝን እሱ በሳምንታት ያዘው፤ ምክንያቱም ሌላ በሽተኛ የለውም። እውነቱን ልናገር፣ በዚህም ቀንቻለሁ። እንዲያውም ከኢዮብ ይልቅ በእሱ ላይ የበለጠ ሳልቀና አልቀረሁም።

ኢዮብ ሄደ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ጨበጥኩትና «ብርድ ነው አሉ» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ተምሮ ሲመለስ የክፍሉ ኃላፊ ሆነና ጡረታ እስክወጣ ድረስ አለቃዬ ነበር። ጥሩ አለቃ ነው። ጉድለት ብዙ ፈልጌበት ነበር፤ ቢገኝ ኖሮ እዚህ እጽፈው ነበር። ዶክተር አምኃ ሥራ ያቆሙት የራሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። በቀብራቸው ላይ ከኢዮብ ጋር የሬሳ ሣጥኑን አንዱን ጎን ተጋግዘን ያዝን፤ ያን ቀን አልቀናሁም፣ ወይም ቀንቼ እንደሆነ አላስታውስም።

እቴነሽን ፉሪ እየሄድኩ አያት ነበር። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ባልና ሚስት ከቤታቸው ፊት ባለው አቧራማ መንገድ ላይ ናቸው። ቤቱ ተመርጓል፣ ቆርቆሮውም አዲስ ነው። ግራና ቀኝ ሌሎች ቤቶች እየበቀሉ ነበር። ሽብሩ ዳሌዋን ይዞ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ እሷ ወደ ፊት ትከተለዋለች፤ ምርኩዞቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። «ቀስ በል፣ አሁን ሰርግ ቤት ነው የምንሄደው?» ትለዋለች። እሱም «እሺ እመቤቴ» ይላል። እኔን ሲያዩኝ፣ እሷስ ስትሰማኝ፣ ደስ አላቸው።

ያን ጊዜ ከመታጠፊያው አሸዋ የጫነ መኪና መጥቶ ክላክስ ነፋ። የሽብሩ ገልባጭ መንገዱን ዘግቷል። እንደገና ተነፋ። ሽብሩ ወዲያ ወዲህ አየ፤ እሷን የሚያስቀምጥበት አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይያዙልኝ!» አለ።

ሚስቱን ለእጄ ሰጥቶኝ እየሮጠ ሄደ። ወገቧን ያዝኩ፤ እሷም ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ልክ በመጀመሪያው ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ እንዳየን። የሽብሩ ኮቴ እየራቀ ሄደ። የመኪናው በር ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሣ። እቴነሽ ጆሮዋን ወደዚያ አድርጋ ስትሰማ ቆየች።

«ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ።»

«ዞር ብሎ አላየም?»

አላየም ነበር። መኪናውን ወደ ጥጉ እየገፋ ከሌላው ሾፌር ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኛን ከነመኖራችን ረስቶናል።

«አላየም» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽ እንኳ?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። መድኃኒቱ ከቀነሰ ቆይቷል፤ እብጠቱ ጠፍቶ አጥንቷ ወጥቷል። ማንም «አማረብሽ» ካላት ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

«ቆይ» አልኳት፣ «አሁን ዞረ። ሁለት ጊዜ አየን።»

ትከሻዬን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን አነሣች።